ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን ቁጠሩ፦ ያረጀ የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ሲቀየር

የመታጠቢያ ቤት አየር ማውጫ ፋን ሲያረጅ መጀመሪያ መጮህ ይጀምራል። ከዚያ ለመነሳት ያቅማማል። የማታ ማታ መብራቱን ብታበሩም ወፍ የለም። ወደ ሱቅ የሚኬደው ያን ጊዜ ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ምርጫው ያደናግራል፤ ሰዓት ቆጣሪ ያለው፣ እርጥበት የሚለካ፣ ሰው ሲገባ ራሱ የሚነሳ፣ ገመድ ተስቦ የሚበራ። ጥሩ የመሰለው ተገዝቶ ይመጣል። የአሮጌው ክዳን ሲከፈት ከግድግዳው የወጡት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ አዲሱ የሚፈልገው ሦስት።

ስለዚህ ንጽጽሩን ከሽቦው ልጀምር። «የትኛው ፋን ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ ግማሹን ግድግዳው አስቀድሞ መልሶታል።

አንድ ነገር ግን ላስቀድም። በአንዳንድ አገሮች የመታጠቢያ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ የተተወ ነው። የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዕቃ ለመምረጥና ከባለሙያው ጋር ለመነጋገር ተጠቀሙበት። ሕጉ ቢፈቅድም እንኳ፣ ሽቦ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ መማሪያችሁ ውሃ ያለበት ክፍል አይሁን።

አሮጌውን ክፈቱት

ብሬከሩን አውርዱ። የመብራቱን ማጥፊያ መጫን አይበቃም። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ፋን ላይ መብራቱ ጠፍቶም አንዱ ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ነው። ሌላ ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳያነሳው ብሬከሩን ቆልፉት፤ ካልተቻለ ወረቀት ለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ተናገሩ።

ከዚያ ለኩ። እጀታው ውስጥ ትንሽ መብራት ያለው የካቻቢቴ ቴስተር ለዚህ ሥራ አይታመንም። ሁለት ጫፍ ያለው የቮልቴጅ መለኪያ ያዙ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ እንዳለው በምታውቁት ሶኬት ላይ ሞክሩት። ቀጥሎ ፋኑ ላይ ለኩ። ከዚያ ወደ ሶኬቱ ተመልሳችሁ እንደገና ሞክሩት። መሃል ላይ የመለኪያው ባትሪ ቢያልቅ የምታውቁት በዚህ በመጨረሻው ሙከራ ብቻ ነው።

ክዳኑን ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎን ወይም የጎን ጥርሶች ይዘውታል። ሲነሳ ከክንፎቹ ላይ ግራጫ አቧራ ይራገፋል። ጥግ ላይ ሽቦዎቹ የሚገቡባት ትንሽ ማገናኛ ትታያለች። በየብሎኖቿ አጠገብ ፊደል ተቀርጿል። «ኤል» የሚለው ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ያለበት መስመር ነው፤ ቋሚ ፌዝ እንበለው። «ኤን» ኒውትራል፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው። ሦስተኛው እንደየፋብሪካው «ቲ»፣ «ኤልቲ» ወይም «ኤስኤል» ተብሎ ይጻፋል። መብራቱ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ስለሆነ የመብራት ፌዝ እንለዋለን። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ካለ ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚሄደው የጥበቃ ሽቦ ነው፤ ስትቆጥሩ አታስገቡት።

ምንም ሳትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፊደሎቹም ሽቦዎቹም በአንድ ፎቶ ይግቡ።

ቀለም ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። በዛሬው የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) አሠራር ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል ነው። በሰሜን አሜሪካ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል ነው። በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ግን ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ነበር። ያው ጥቁር ሽቦ አንዱ ቤት ፌዝ፣ ሌላው ቤት ኒውትራል ነው። በዚያ ላይ ከማብሪያው የሚመለሰውን ፌዝ በሰማያዊ ሽቦ ስቦ ምልክት ሳያደርግ የሄደ ኤሌክትሪሽያን ሞልቷል።

አሮጌው ማገናኛ ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ ወይም ከተጠራጠራችሁ ልኬት ይለየዋል። ይህ ግን ኤሌክትሪኩ እያለ የሚደረግ ሥራ ነው፤ ካልለመዳችሁት ለባለሙያ ተዉት። ብሬከሩ ወርዶ ሳለ ሦስቱን ሽቦዎች ከፋኑ ፍቱና እያንዳንዱን ለየብቻ ማገናኛ ውስጥ አስገቡ። የተራቆተ ጫፍ አይታይ። ብሬከሩን መልሱ፣ መብራቱን አብሩ። አሁን ሁለት ሁለቱን ለኩ። ሦስት ጥንዶች ይወጣሉ። ሁለቱ ጥንዶች የቤቱን ሙሉ ቮልቴጅ ያሳያሉ፤ አንደኛው ጥንድ ግን ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ዜሮ ያሳዩት ሁለቱም ፌዝ ናቸው። ብቻውን የቀረው ኒውትራል ነው፤ በናስትሮ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ መብራቱን አጥፉና ሁለቱን ፌዞች ከኒውትራሉ ጋር በየተራ ለኩ። አሁንም ሙሉ ቮልቴጅ ያለው ቋሚው ነው። የወረደው የመብራት ፌዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መብራቱ እንደጠፋ ብቻ ለክቶ ሲወስን ነው። የመብራት ፌዙ በአምፖሉ በኩል ከኒውትራሉ ጋር ስለሚገናኝ፣ መብራቱ ሲጠፋ ራሱ ኒውትራል መስሎ ይታያል። የዚህን ስህተት ውጤት በኋላ እናየዋለን።

ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ

ሁለት ሽቦ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ፋን መብራቱ ሲበራ አብሮ ይነሳ ነበር? ወይስ የራሱ ማብሪያ ነበረው? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከመብራቱ ጋር ይነሳ ከነበረ፣ ሽቦ ሳይጨመር የሚስማማው ተራው ፋን ነው። ሰዓት ቆጣሪም ሆነ መለኪያ የለውም። ርካሽ ነው፣ የሚበላሽበት ነገር ትንሽ ነው፣ ለመግጠም አያስቸግርም። ጣጣው መብራቱ በጠፋ ሰከንድ መቆሙ ነው። እንፋሎቱ ግን ገና ኮርኒሱ ላይ ነው። ሻጋታ የሚያመጣው ሻወሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው፤ ተራው ፋን የሚተኛው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። መስኮት ባለው ክፍል ቀን ቀን መብራት ስለማይበራ ጭራሽ አይነሳም።

እዚህ ቦታ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ያለውን ቢገጥሙትስ? ብዙ ሞዴል ላይ ኤልንና ቲን በአጭር ሽቦ አያይዞ ማስነሳት ይቻላል። ነገር ግን መብራቱ ሲጠፋ ሰዓት ቆጣሪውም ኤሌክትሪክ ያጣል። እንደ ተራው ፋን ይሆናል፤ ለማይሠራ ነገር ተጨማሪ ከፈላችሁ ማለት ነው። እርጥበት የሚለካውም እዚያ ሽቦ ላይ ያው ነው።

የራሱ ማብሪያ ካለው ግን ነገሩ ይለወጣል። ማብሪያውን ሁልጊዜ አብርታችሁ ብትተዉት የፋኑ ሽቦ ቋሚ ፌዝ ሆነ። እርጥበት የሚለካው ፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ቋሚ ፌዝና ኒውትራል ብቻ ነው። እንፋሎት ሲመጣ ይነሳል፣ ሲደርቅ ይቆማል። ግድግዳ ሳይቆፈር ሁለት ሽቦ ላይ ሊገኝ የሚችለው ጥሩ ውጤት ይህ ነው እላለሁ። ገመድ የሚሳብበት ፋንም እዚህ ይሠራል፤ እኔ ግን ገመዱን አልወደውም፣ በእርጥብ እጅ እየተጎተተ ይጠቁራል።

ሌላም መንገድ አለ። ፋኑን ተራ አድርጎ ብልሃቱን ማብሪያው ላይ መግጠም። 10፣ 20፣ 30 ደቂቃ ቆጥሮ የሚያጠፋ የግድግዳ ማብሪያ ይሸጣል። ሲገዙ አንድ ነገር አጣሩ፤ አንዳንዱ ኒውትራል ይፈልጋል። ብዙ የማብሪያ ስካቶላ ውስጥ ደግሞ ኒውትራል የለም። በተጨማሪ ሞተር ማስነሳት የሚችል መሆኑ ዕቃው ላይ መጻፍ አለበት፤ ለአምፖል ብቻ የተሠራ አለ።

ሦስት ሽቦ ካለ

ሁሉም ዓይነት ክፍት ነው። ከሁሉም መርጬ ለአብዛኛው ቤት የምመክረው ከመብራቱ ጋር ተነስቶ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለተወሰነ ደቂቃ የሚቀጥለውን ነው። ማንም ሰው ምንም ማስታወስ አይጠበቅበትም። ውስጡ በቀጭን ካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ የማስተካከያ ብሎን አለች፤ 15 ደቂቃ አካባቢ አድርጓት። ሽንት ቤቱም እዚያው ክፍል ከሆነና ማታ ማታ ጩኸቱ የሚያስቸግር ከሆነ ቀንሱት።

እርጥበት የሚለካው መስኮት ለሌለው ክፍል፣ ብዙ ሰው ለሚታጠብበት ቤት፣ ልብስ ውስጥ ለሚሰጣበት ክፍል ይበልጣል። ነውሩ በዝናብ ወራት ነው። የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ሲሆን ፋኑ ከሻወር አይለየውም፤ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። ብዙዎቹ ከ40 እስከ 90 በመቶ ባለው መሃል ይስተካከላሉ። ደረቅ ቀን ጠብቁ፣ የክፍሉን በር ክፈቱ፣ ፋኑ እስኪቆም ድረስ ብሎኗን ወደ ከፍተኛው በኩል ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ከቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሩና ተዉት።

ሰው ሲገባ የሚነሳው ለቢሮና ለሕዝብ መጸዳጃ ይመቻል። ለቤት ሻወር ግን አልመርጠውም። ዓይኑ በመስታወትም ሆነ በመጋረጃ ውስጥ አያይም። እናንተ ከሻወሩ መስታወት ጀርባ እየታጠባችሁ እሱ ማንም የለም ብሎ ይቆማል።

ቀንና ሌሊት በዝግታ እየዞረ፣ መብራት ሲበራ ወይም እርጥበት ሲጨምር ፍጥነት የሚጨምርም አለ። ዘወትር የሚወስደው ጥቂት ዋት ነው። እርጥበት ለሰለቸው ቤት መልካም ነው፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ግን የድምፁ መጠን ካርቶኑ ላይ ይታይ።

ሦስተኛ ሽቦ መሳብ

ከመብራቱ ጋር የሚነሳ ባለ ሁለት ሽቦ ካላችሁና ሰዓት ቆጣሪ ካማራችሁ፣ ቋሚ ፌዝ ከየት ይምጣ? አንዳንድ ቤት መስመሩ በኮርኒሱ መብራት ስካቶላ ውስጥ ስለሚያልፍ ቋሚ ፌዝ እዚያው ይገኛል። ከዚያ እስከ ፋኑ ሦስት ሽቦና ተጨማሪ ኧርዝ ያለው አዲስ ገመድ መሳብ ነው። ኮርኒሱ ላይ መግቢያ ካለ ሥራው የግማሽ ቀን ነው። ከሌለ ቁፋሮና ልስን ይመጣል፤ ያኔ ወይ እድሳቱን ጠብቁ ወይ ተራውን ግጠሙ።

ሁለት አቋራጭ ግን በፍጹም አይሞከር። አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ፌዝ ማድረግ አንዱ ነው፤ ቀጣዩ ሰው ኧርዝ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሁለተኛው ኒውትራል ሲጠፋ ኧርዙን እንደ ኒውትራል መጠቀም ነው። ፋኑ ይዞራል፤ ሆኖም መስመሩ የሆነ ቦታ ቢበጠስ ከዚያው ኧርዝ ጋር የተያያዘው ብረት ሁሉ ሰው ይነዝራል።

ውሃው ምን ያህል ይርቃል?

የአይኢሲ 60364 ክፍል 7-701 መታጠቢያ ቤትን በቀጠና ይከፍላል። ከገንዳው ወይም ከሻወሩ ወለል በላይ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለው ቀጠና 1 ነው። ከዚያ ወደ ጎን 60 ሴንቲሜትር ቀጠና 2 ነው። ወለሉ ገንዳ የሌለው ሻወር ከሆነ ደግሞ ቀጠና 1 ውሃው ከሚወጣበት የሻወር ራስ ዙሪያ እስከ 1.20 ሜትር ይደርሳል። በነዚህ ውስጥ የሚገጠም ፋን ቢያንስ አይፒኤክስ 4 መሆን አለበት፤ ከየትም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ የማይጎዳው ማለት ነው። መስመሩም በ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ በሚቆርጥ መሣሪያ፣ ይጠበቅ።

ፋኑ ከሻወሩ ራስ በላይ የሚያርፍ ከሆነ ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ በ12 ቮልት የሚሠራው ነው። ትራንስፎርመሩ ከቀጠናዎቹ ውጭ ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸው እሱን እዚያው ሻወር አጠገብ ሲሰቅል ነው። ሌላው ሞተሩ ኮርኒሱ ላይ ቱቦው መሃል የሚገባው ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚታየው መሳቢያ ቀዳዳው ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪኩም ጩኸቱም ከላይ ይቀራሉ። ቦታው ካላችሁ ይህን እመርጣለሁ።

ከሽቦው ሌላ የሚታይ

ባጭሩ። የክፍሉን ይዘት አስሉ፤ 2.5 በ2 ሜትር ሆኖ ከፍታው 2.4 ከሆነ 12 ሜትር ኩብ ነው። በሰዓት 8 ጊዜ አየሩ ይቀየር ካላችሁ 96 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ትፈልጋላችሁ። ግድግዳውን በስቶ ወዲያው ወደ ውጭ ለሚያወጣ ተራው ባለ ክንፍ ይበቃል። ቱቦው ረጅም ከሆነና ከተጣመመ ግን አየሩን ወደ ጎን የሚገፋው ሴንትሪፉጋል ይሻላል፤ ባለ ክንፉ ግፊት ሲበዛበት ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ አያወጣም። ኮርኒስ ላይ ለሚሰቀል ቦል ቤሪንግ ያለውን ያዙ። የቀዳዳውን ስፋትም ለኩ፤ የተለመዱት 100፣ 125 እና 150 ሚሊሜትር ናቸው። ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጣሪያ ሥር የሚተነፍስ ፋን ሻጋታውን ቦታ አስለወጠው እንጂ አላጠፋውም።

ጭስ ማውጫ ያለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ እዚያው ወይም አጠገቡ ካለ ግን ቁሙ። ጠንካራ ፋን ጭሱን ወደ ቤት መልሶ ሊስበው ይችላል። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። ባለሙያ ሳያየው ኃይለኛ ፋን አትግጠሙ።

ስትገጥሙ

ብሬከሩ ወርዷል፣ ተለክቷል። ቋሚው ወደ ኤል፣ የመብራቱ ወደ ቲ፣ ኒውትራሉ ወደ ኤን። የሽቦውን ልባስ ማገናኛው የሚውጠውን ያህል ብቻ ግፈፉ፤ ከተጠበቀ በኋላ መዳብ ከውጭ አይታይ። እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ፋኑ ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ካለ ድርብ ልባስ ነው፣ ኧርዝ አይፈልግም። ያም ሆኖ ኧርዙን ቆርጣችሁ አትጣሉት፤ ለብቻው ማገናኛ ውስጥ አስገብታችሁ አስቀምጡት። ቀጣዩ ፋን ሊፈልገው ይችላል።

የፋን መስመር ላይ ሦስቱንም ሽቦ አንድ ላይ የሚቆርጥ ማጥፊያ ከክፍሉ ውጭ፣ በሩ በላይ ማስገጠም ጥሩ ልማድ ነው። ለማጽዳት በተፈለገ ቁጥር የቤቱ መብራት አይጠፋም። መመሪያው 3 አምፔር ፊውዝ ከጠየቀ በብሬከር አትተኩት፤ የተጠየቀው ለትንሿ ሞተር ነው። መብራቱ በዲመር (ብርሃኑን በሚያደበዝዝ ማብሪያ) የሚሠራ ከሆነ ለፋኑ ከዲመሩ በኋላ ካለው መስመር ኤሌክትሪክ አትውሰዱለት።

ካልሠራ

መብራቱ ሲጠፋ እሱም ወዲያው ከቆመ ኤልና ቲ ተቀያይረዋል። ሁለቱም ላይ ቋሚ ፌዝ ካለ ጨርሶ አይቆምም።

መብራት ስታበሩ ፋኑ ከቆመ፣ ስታጠፉ ደግሞ ከተንቀሳቀሰ የመብራት ፌዙን ኒውትራል ነው ብላችሁ ኤን ላይ አስገብታችኋል። ቅድም ያልኩት ስህተት ይህ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ በፋኑ አልፎ በአምፖሉ በኩል ይመለሳል፤ አምፖሉም ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ሲበራ ሁለቱም የፋኑ ጫፎች ፌዝ ስለሚሆኑ ሞተሩ የሚያዞረው ነገር ያጣል።

አርሲዲው ከወደቀ ቋሚ ፌዙ ከአንድ መስመር፣ ኒውትራሉ ከሌላ መስመር መጥቶ ሊሆን ይችላል። አርሲዲ የሄደውና የተመለሰው እኩል ካልሆነ ይቆርጣል። ፌዝና ኒውትራል ከአንድ መስመር እስኪሆኑ ድረስ ደጋግሞ ማንሳት ዋጋ የለውም።

ፋኑ በደንብ እየዞረ እንፋሎቱ ካልወጣ ደግሞ አንድ ቅጠል ሶፍት መሳቢያው ላይ ለጥፉ። ከወደቀ በሩን ከፍታችሁ ድገሙት። በር ሲከፈት የሚጣበቅ፣ ሲዘጋ የሚወድቅ ከሆነ ፋኑ ጤነኛ ነው፤ የሚገባ አየር አጥቶ ነው። ከበሩ ሥር 1 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡለት።